ለሽምግልና የመጣው መጽሐፍ

ለሽምግልና ሲጠራ መጽሐፍ ታቅፎ ከተፍ የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አጋጥሞኛል! የኛ ዶክተር፣ አንድ እንግሊዛዊ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የጻፋቸው መጣጥፎች ከብብቱ አይለዩም። ኮዝሞ ሲቲ በሚባለው ሰፈራችን ተጣልተው ሱቃቸውን ሊካፈሉ የተነሡ ሁለት ሸሪኮችን ልናስታርቅ ስንቀመጥ፣ ዓይኑ እያበራ «ስለ ወዳጅነት የጻፈውን ስሙልኝማ!» አለና በእንግሊዝኛ ያነብ፣ በአማርኛ ይተረጉም፣ ደግሞ ይተነትን ጀመር። እኛ ሽማግሌዎች ሦስት ቀን ለምነን ያቃተን ነገር በሁለተኛው ገጽ አለቀ! ሸሪኮቹ እኩል ብድግ ብለው ተቃቀፉ።

«ታርቀናል፣ ዶክተር! በጌታ፣ ታርቀናል!»

«ኧረ ቆዩ፣ ገና መግቢያው ነው!» አለ ዶክተሩ ቅር ብሎት።

ትናንት ከባለቤቴ ጋር ተኮራርፈን ነበር። ስልኳን አነሳችና «ዶክተሩን ልጥራው?» አለችኝ።

እግሯ ላይ ወደቅኩ።