የእስክንድርያ ከንቲባ በሞላሌ

በየመንደሩ የሩቅ አገር ጭንቀት እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ሰው አይጠፋም። የኛ የሞላሌዎቹ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ናቸው። ባሕር አይተው አያውቁም፤ ስለ እስክንድርያ ሲናገሩ ግን እዚያ የሚያከራዩት ቤት ያላቸው ይመስላሉ። "ክቡር ከንቲባ" ያልናቸውም ለዚህ ነው።

ክረምት በገባ ቁጥር ከቤታችን ጀርባ ካለው ቦረቦር አፋፍ ይቆሙና ድፍርሱን ጎርፍ በከዘራቸው እየጠቆሙ ያስተምሩናል። ጎርፉ ጀማ ወንዝ ይገባል፣ ጀማ አባይ ይገባል፣ አባይ አፈራችንን ተሸክሞ ባሕሩ ዳር ያራግፈዋል። ያችን ከተማ ያበላ የመንዝ አፈር ነው ይላሉ። እነሱ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ጳጳስ ላኩልን፣ እኛም አፈር ላክንላቸው፤ የተበደለ የለም ባይ ናቸው።

ይህስ ባልከፋ። ጥር ላይ ቀበሌው ለእርከን ሥራ ሲያስወጣን ግን ድንጋይ ማንሳቱን ትተው ይሟገታሉ። አፈሩ እዚህ ከቀረ ባሕሩ ከተማዪቱን ይውጣታል፣ የዚያ አገር ሕፃናት ምን ይሆናሉ? ሰውም፣ እኔን ጨምሮ፣ አካፋውን ተደግፎ ያዳምጣል፤ ማረፊያ ነዋ። አምና በዚሁ ክርክር ቦረቦሩ ላይ ሊሠራ የታሰበው የድንጋይ ክትር ሳይሠራ ቀረ።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት የወረደ ዝናብ ቦረቦሩን ናደውና የጎረቤታችንን የእማማ አዛለችን የገብስ ማሳ እኩሌታ ይዞ ሄደ። እማማ አዛለች ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው፤ ሌላ መሬት የላቸውም። አፋፉ ላይ ተሰብስበን ሳለ መሪጌታ መጡ። ከዘራቸውን አነሡ፤ ግን አልጠቆሙበትም።

እማማ አዛለች ዞር ብለው አዩዋቸው። "መሪጌታ፣ የኔስ ገብስ አሁን የት ደርሷል ይላሉ?" አሏቸው።

ከዘራቸውን ዝቅ አድርገው ሳይሟገቱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሃያ ዓመት ጉርብትና የመጀመሪያው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ድንጋይ ሲንኳኳ ሰምቼ ብወጣ፣ መሪጌታ ከኔ ጓሮ የሚያዋስነውን የገዛ ግቢያቸውን ካብ እያፈረሱ ድንጋዩን ወደ ቦረቦሩ ያጓጉዛሉ። በአንድ ክንድ መሬት የተነሣ እኔንና እሳቸውን ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ፊት ያቆመን ካብ ነው። ላግዝዎ ወይ ብላቸው "ዝም ብለህ አንሣ" አሉኝ። ክትሩን አምስት ቀን ስንሠራ ስለ ባሕር አንድ ቃል አልወጣቸውም። ክትሩ የቀረውን ዝናብ ቻለ፤ የተረፈው ገብስም ኅዳር ላይ ታጨደ።

አሁን ካብ ስለሌላቸው በጎቻቸው በየጠዋቱ ጓሮዬ ገብተው ጎመኔን ይግጣሉ። እኔም ማንም ሳያየኝ ነድቼ እመልሳቸዋለሁ።