ፈርጃኒ ኮከብ ያገኘበት ምሳ

በማህዲያ ወደብ ዳር ምሳ የሚበላው እንዲህ ነው። ዓሣህን ከገበያ ትገዛለህ፤ ፈርጃኒ ጋ ትወስደዋለህ፤ ፈርጃኒ ይጠብስልሃል። ለከሰሉና ለድካሙ ትንሽ ነገር ትከፍላለህ። ሎሚውና ድልሁ ከእሱ ነው። አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ሰርዲን ያመጣ ሰርዲን ይበላል፤ ምንም ያላመጣ ሰላምታ ሰጥቶ ይሄዳል። በዚህ የተጣላ ሰው አላውቅም።

ባለፈው ጸደይ የቱሪስት ኮሚቴ ተቋቋመ። መንገዳችን ከእንግዲህ የቱሪስት መንገድ መሆኑን በድምፅ ማጉያ ነገረን። በመንገዱ ያለ ምግብ ቤት ሁሉ የሚበላ፣ የሌሊት መዝናኛና የሚጎበኝ ነገር ሊኖረው ይገባል። ያላሟላ ይዘጋል።

ፈርጃኒ ሌላ ሙያ የለውም። እኔም ሌላ ምሳ የለኝም፤ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ምድጃዬ ነዶ አያውቅም።

የኮሚቴው ጸሐፊ ሲ ሻዝሊ፣ «ሲ» በእኛ «አቶ» ማለት ነው፣ ሊመክረው መጣ። ሲ ሻዝሊ የእንግዳ አቀባበል በዋና ከተማው ተምሯል። ቤቱ ገብቶ ሻይ የጠጣ ሰው ግን በሰፈራችን የለም።

«ሌሊትህ የታለ?» አለው።

«ከኢሻ ሶላት በኋላ እተኛለሁ፣ ጌታዬ።»

«እሱ መዝናኛ አይደለም።»

«ለእኔስ ነው።»

ሲ ሻዝሊ አሰበ። ኮሚቴው የሚፈትሸው በሥራ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሌሊቱ በቀን መሆን አለበት። መስኮቶቹ በጥቁር መጋረጃ ተሸፈኑ። ቀይ አምፖል ተሰቀለ። ከበሮ መቺ ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ በቀትር ስንገባ «እንደምን አመሻችሁ» እንባባል ጀመር።

«የሚጎበኝስ?»

ፈርጃኒ ዙሪያውን ቃኘ። ያለነው ከሰሉ፣ ድመቷና እኔ ነበርን።

«ድመቷ ደህና ናት» አለ።

«ድመት የትም አለ።» ሲ ሻዝሊ ወደ እኔ ዞረ። «ሐጂ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«መጋረጃውን እበልጠዋለሁ።»

ቅርስ ሆኜ ተመዘገብኩ። ከፊቴ ገመድ ተወጠረ፤ ገመዱ ላይ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተንጠለጠለ። ምሳዬን በገመዱ ሥር ያቀብሉኝ ጀመር።

የቀረው ሜኑ ነበር። ፈርጃኒ ውሸት አይሆንለትም፤ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ደግሞ አስቀድሞ አያውቅም። ቢቸግረው በትልልቅ ፊደል እንዲህ ጻፈ፦ «ያመጡት፣ የተጠበሰ።»

በፍተሻው ቀን ሊቀመንበሩ ከአባላቱ ጋር ደረሰ። «እንደምን አመሻችሁ» አልናቸው። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ፤ መጋረጃውን አየ፤ «እንደምን አመሻችሁ» አለ። ከዚያ እኔን ጎበኙ።

«በደንብ ተጠብቋል» አለች አንዷ አባል።

ቅርስ አይናገርም።

ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ያቺን አንድ መስመር ደጋግሞ አነበበ። አላወቅኩም ማለት ለአለቃ ይከብዳል።

«ለእኔ ያመጡትን አድርግልኝ» አለ።

«ለእኔም ያመጡትን» አለች አባሏ።

ሲ ሻዝሊ የሰፈሩን ልማድ ያውቃል። አለቃን ማረም ግን ሥራው አይደለም። «ለእኔ ጨው ቀነስ አድርግበት» አለ።

ፈርጃኒ እጃቸውን አየ። ባዶ ነው። ገመዱ ጋ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ሐጂ፣ ምንም አላመጡም እኮ!»

«እሱኑ ጥበስላቸዋ።»

«ይዘጉኛል!»

«ሜኑህ ላይ ያለውን ብትከለክላቸውስ አይዘጉህም?»

አላቅማማም። ባዶውን ፍርግርግ እሳት ላይ ጣደ። አራገበ፤ አገላበጠ፤ ጨው ነሰነሰ፤ ለሲ ሻዝሊ ቀነስ አደረገለት። በየሳህኑ ዳር ሎሚና ድልህ አኑሮ አቀረበ።

ሊቀመንበሩ ሳህኑን አየ። ሌሎቹ ሊቀመንበሩን አዩ። ሹካውን አነሣ፤ መሐሉን ወጋ፤ አኘከ፤ ዋጠ።

«ሆድ አይከብድም» አለ።

«እሾህም የለውም» አለች አባሏ።

«የእኔ አሁንም ጨው በዝቶበታል» አለ ሲ ሻዝሊ።

አምስት ኮከብ ሰጡት። ፈርጃኒ ገመዱን ዘሎ ሳመኝ።

በማግስቱ ሰርዲኔን ይዤ ሄድኩ። ፈርጃኒ ነጭ ጓንት አጥልቆ ኮከቦቹ ከተቀረጹበት የናስ ሰሌዳ ሥር ቆሟል። ውስጥ ቱሪስቶች ባዶ ሳህን ፎቶ ያነሣሉ።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ደንብ ወጥቷል። ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ተከልክሏል።»

«ታዲያ ምን ይዤ ልግባ?»

«ኮሚቴው ይዞ የመጣውን።»

ድመቷ ደንቡን አላነበበችም፤ ሰርዲኑን ተከትላ ከእኔ ጋር ወጣች። ቤቴ ገብቼ ምድጃዬን አነደድኩ። የመጀመሪያው አረረብን። ሁለተኛው ተበላ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሬ ተንኳኳ። ሲ ሻዝሊ ነው። ከስቷል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ኮቱ ውስጥ ሸጉጧል፤ የዓሣው ጅራት ግን ወጥቶ ይታያል። ግራና ቀኝ ተመለከተ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«እንደምን አመሹ፣ ሐጂ» አለ። «ከሰል አለዎት?»