ሰላምታ የከበዳት ሐራካ

የዓለም የቴክኖሎጂ ታሪክ በትክክል የተጻፈ ዕለት፣ ናይሮቢ ፓርክላንድስ ውስጥ ከጨርቅ ሱቅ በላይ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቢሯችን አንድ ምዕራፍ ይደርሳታል። ምዕራፍ ከበዛ የግርጌ ማስታወሻም አንጠላም። ማንም ያላሰበውን ሠርተናልና። ሰው በየስልኩ ተሰብስቦ በማታቱ፣ በናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ የሚሽቀዳደምበትን፣ ነገር ግን አንድም ማታቱ ከቦታው የማይነቃነቅበትን የኦንላይን ጨዋታ ለዓለም ያበረከትነው እኛ ነን።

ጨዋታው «ሐራካ» ይባላል። በስዋሂሊ ጥድፊያ ማለት ነው። ስሙን ያወጣሁት እኔ ካሣሁን፣ የድርጅቱ መሥራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ከዚህ በፊት በአንድ የተራድኦ ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዓመታት አስተባባሪ ነበርኩ። ምን እንዳስተባበርኩ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን ስላላጋጠመኝ መልሱን አላዘጋጀሁም። ኮድ አልጽፍም፣ ሥዕል አልስልም፤ ራእይ ግን ሞልቶኛል። ኮዱን የምትጽፈው ሰዲቃ ናት። እናቷ ኢስትሊ ገበያ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ እሷ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር አድጋ፣ በአማርኛ የጀመረችውን በእንግሊዝኛ አቋርጣ በስዋሂሊ የምትጨርስ ልጅ ናት። ሥዕሉን የሚሠራው ዘካርያስ ነው። የዘካርያስ ትልቁ ችሎታ እኔ ስናገር ራሱን መነቅነቅ ቢሆንም ሥዕሉም የሚናቅ አይደለም።

የጨዋታው ሐሳብ ቀላል ነው። ተጫዋቹ የማታቱ ሾፌር ሆኖ ስቴጅ በሚባለው የታክሲ ተራ ላይ ይቆማል፣ ተሳፋሪ ይጭናል፣ ከዚያ ከሌሎቹ ሾፌሮች ጋር እየተሽቀዳደመ ከተማ ይገባል። ይህንንማ ማንም ይሠራዋል። የእኛን ልዩ ያደረገው እኔ ያስገባሁበት ነገር ነው፤ ጨዋነት። አንድ ሾፌር ስቴጅ ሲደርስ ቀድመው የደረሱት ሁሉ ብድግ ብለው «ኖር» ይሉታል። እሱም «በእግዜር» ይላል። ከዚያ እያንዳንዳቸው ጤናውን፣ ቤተሰቡን፣ ልጆቹን፣ ሥራውን ይጠይቁታል፤ እሱም ለእያንዳንዳቸው መልስ ሰጥቶ በተራው ይጠይቃቸዋል። ይህ ሳያልቅ ሞተር አይነሳም። ሰው ሰላም ሳይባባል መሪ የሚጨብጥበት ጨዋታ ልጆቻችንን ባለጌ ያደርግብናል ብዬ ሐሳቡን ሳቀርብ ዘካርያስ ራሱን ነቀነቀ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ማለት ነው።

ቢሮ ውስጥ ሦስታችን ስንሞክረው ጨዋታው እንደ ውሃ ፈሰሰ። እኔም ተነሥቼ ምርታችን ተፈትኖ ማለፉን የሚያበስር ንግግር አደረግሁ። ንግግሩ ከሙከራው ረዘመ።

ሰዲቃ ግን በዚህ አልረካችም። የአጎቶቿን ልጆችና የሰፈር ጓደኞቻቸውን ኢስትሊ ሰብስባ አንድ ላይ አስገባቻቸው። ሁሉም ስቴጁ ላይ ደረሱ። ሁሉም ብድግ አሉ። ብድግ እንዳሉም ቀሩ። ስልኩ ሁሉ ጋለ፤ አንደኛው ልጅማ ስልኩን ፍሪጅ ውስጥ አስገባው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ደጅ ደጁን ሲሉ ቆይተው፣ አንድም ማታቱ ሳይነሳ ወደየቤታቸው በእግራቸው ሄዱ።

«ጋሽ ካሣሁን፣ ችግሩ ሰላምታው ነው» አለችኝ ሰዲቃ በማግስቱ። «አንድ ሰው ሲገባ እዚያ ያለው ሁሉ ይጠይቀዋል፣ እሱ ደግሞ ሁሉንም ይጠይቃል። ሰው ሲጨምር ጥያቄው በጣም ነው የሚባዛው። ሰርቨሩ ኦል ዴይ የሰው ቤተሰብ ሲጠይቅ ነው የሚውለው። መኪና የሚነዳበት ጊዜ የለውም።»

«ሰው እርስ በርሱ መጠያየቁ ነው ችግር የሆነብሽ?»

«አንዴ ብቻ ሰላም ቢሉስ? ለሁሉም በአንድ ጊዜ።»

«በጅምላ? በጅምላ ሰላምታ የሚሰጥ ምርጫ የደረሰበት ሰው ነው» አልኳት። ዘካርያስ ራሱን ነቀነቀ።

እዚህ ላይ ቀልድ የሌለበትን ነገር መናገር አለብኝ። ሐራካን በሚሸጣቸው ስልኮች ሁሉ ላይ ሊጭንልን ያሰበ አንድ ድርጅት ነበር። ቅዳሜ በምረቃው ቀን ተወካዩን ይልካል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ ጨዋታው ሳይቆም ከዋለ ይፈርማል፤ ከቆመ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። እሱ ከሄደ ደግሞ እኛም እንበተናለን፤ ሌላ የሚጠብቀን አልነበረም። እኔ ወደ ማስተባበሬ እመለሳለሁ፤ ሰዲቃ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ጥሩ ጥሩ ሥራ እየመጣላት እምቢ ያለችው ለዚህ ጨዋታ ስትል ነው። ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ሳያት አንጀቴን ትበላው ነበር። አንጀቴ ስለተበላም ኮሚቴ አቋቋምኩ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ፣ ጸሐፊው ዘካርያስ፣ ተከሳሿ ሰዲቃ ነበርን። በመጀመሪያ ስብሰባችን ጥፋቱ የኢንተርኔቱ መሆኑን ደርሰንበት ራውተሩን ወደ መስኮቱ አዛወርነው። በሁለተኛው፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ አንዱ ሰርቨር የከበደውን ብዙዎች እንዲሸከሙት ወሰንን። ሰዲቃ አይሆንም እያለች ተጨማሪ ሰርቨሮች ተከራየን። አዲሶቹ ሰርቨሮች መጀመሪያ የሠሩት ሥራ እርስ በርስ ሰላም መባባል ሆነ፤ ማን የት እንደገባ ካልተነጋገሩ «ኖር» የሚባለው አይታወቅማ። ጨዋታው ከበፊቱ ባሰ።

በሦስተኛው ስብሰባ ሥዕሉን እንቀንስ አልኩ። መጀመሪያ ደመናውን አነሳን። ከዚያ ዛፎቹን፣ ከዛፎቹ ቀጥሎ ፎቆቹን። ዘካርያስ በየማታቱ ጎን ላይ ወራት ሙሉ የሣለውን ጌጥ በገዛ እጁ ሲያጠፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ሳይነቀንቅ ቀረ። ተሳፋሪዎቹን አስወረድናቸው፤ መንገዱን አስፋልት ከለከልነው። በመጨረሻ የቀረው ግራጫ ሜዳ ላይ ቆመው ስለ ልጆቻቸው የሚጠያየቁ ሾፌሮች ብቻ ነበሩ። ባህላችን ከሥልጣኔ ኮተት ነጻ ሆኖ እንዲህ ጠርቶ የታየበት ጊዜ የለም።

ከኢስትሊ ልጆች ቅሬታ ሲበዛ ይፋዊ መግለጫ አወጣሁ። መግለጫው ክቡራን ተጫዋቾቻችን በትዕግሥት እንዲጠባበቁ አሳስቦ፣ ስዋሂሊ ተናጋሪ ወንድሞቻችን «ሐራካ ሐራካ ሃይና ባራካ»፣ ጥድፊያ በረከት የለውም እንደሚሉ በማስታወስ ይደመድማል። የጨዋታዬ ስም ጥድፊያ መሆኑ ትዝ ያለኝ መግለጫው ከወጣ በኋላ ነው።

ሐሙስ ዕለት የቦርዳችን ሰብሳቢ አቦይ ዘርኣጽዮን መጡ። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ ናይሮቢ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው የድሮው፣ የታጠበው አማርኛ ነው። ስልኩን ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስቴጁ ላይ ቆሙ፤ ሰው ሁሉ ብድግ አለላቸው። እሳቸውም መጠየቅና መመለስ ጀመሩ። ሻያቸው ቀዝቅዞ ሌላ ቀረበላቸው፤ እሱም ቀዘቀዘ።

«ካሣሁን» አሉኝ በመጨረሻ፣ «እኔ በተማሪነቴ አውቶቡስ በተሳፈርኩ ቁጥር ከሾፌሩ እስከ ኋላ ወንበር የሰውን ሁሉ ቤተሰብ ብጠይቅ ኖሮ እስካሁን ፒያሳ አልደረስኩም ነበር። ይህቺ ልጅ የምትልህን ስማ። መከራ እስኪመክርህ አትጠብቅ።»

አሁን ምን ይባላል? ሽማግሌ ተናገረ። ጨዋታውን በሙሉ የሠራሁት ሽማግሌ ይከበር ብዬ ነው። ባህሌን ለመጠበቅ ባህሌን መሻር ግድ ሆነብኝ፤ ሰዲቃም ሰላምታውን አነሳችው። ከሰዓት በኋላ የኢስትሊ ልጆች ሲገቡ ማታቱዎቹ ተፈተለኩ። ዘካርያስ ዛፎቹንና ደመናውን መለሰ፣ ጌጡንም መለሰ፤ አሁንም ተፈተለኩ። ሰዲቃ ሳቀች። ለካ ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ አላስተዋልኩም ነበር።

እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችው።

«ሰዲቃ» አልኳት፣ «መሥራች እንኳ ሲገባ ኖር አይባል?»

ደክሟት ነበር። «ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ አቆየዋለሁ» አለች፤ «ግን ቅዳሜ እንዳይገቡ። ፕሊስ፣ ጋሽ ካሣሁን። ቅዳሜ ብቻ።» እኔም ቃሌን ሰጠኋት። ቃሌ ደግሞ ሰው የሚያውቀው ቃል ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። የስልክ ሻጩ ድርጅት ተወካይ፣ አንዲት ቁጥብ ኬንያዊት፣ ከትልቁ ስክሪን ፊት ተቀመጡ። ሰው ከኢስትሊ ገባ፣ ከሳውዝ ሲ ገባ፣ ከሞያሌ ሳይቀር ገባ። ስቴጁ ጢም አለ፤ ማታቱዎቹ አንዱ ሌላውን እየቀደመ ይበራሉ፤ ሰርቨሩ እንኳን ሊቆም አላነጠሰውም። ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸው መነቅነቅ እንደ ዘካርያስ አይደለም፤ ውል ያለበት መነቅነቅ ነው። ብዕራቸውን ሲያወጡ አየሁ።

ልቤ ሞላ። ያ ሁሉ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ይህን ሁሉ ያሰበው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ሊሄድ ነው። አጭር የመክፈቻ ንግግር ብቻ አልኩ ለራሴ። ወደ ኋላ ክፍል ሄጄ ስልኬን አወጣሁና ገባሁ።

በሺህ የሚቆጠር ሰው ከነመኪናው ቀጥ አለ። ከተማ ሊገባ አንድ መታጠፊያ የቀረው፣ ሩጫውን ሊያሸንፍ የነበረ ልጅ መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ ወርዶ ብድግ አለልኝ። «ኖር» አለ ሕዝቡ። «በእግዜር» አልኩ። ከዚያ እያንዳንዱ ጤናዬን፣ ባለቤቴን፣ ልጆቼን፣ ሥራዬን ይጠይቀኝ ጀመር። ውድ ተጫዋቾቻችን ብዬ ንግግሬን ስጀምር ስልኬ እጄን አቃጠለኝ።

ከፊት ክፍል ምንም ድምፅ አይሰማም። በበሩ ሽንቁር አጮለቅሁ። ስክሪኑ ቆሟል። ሴትየዋ ብዕራቸውን ወደ ቦርሳቸው መልሰው ሻያቸውን እያነሱ ነው። ሰዲቃ ፊቷ አመድ መስሎ ኪቦርዷን ትመታለች። በዚያች ቅጽበት ስልኬ «ከጨዋታው ተወግደዋል» የሚል ጽሑፍ አወጣና ጠፋ። ማታቱዎቹ ተፈተለኩ።

ሴትየዋ ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቁ።

«አንድ ከባድ ነገር ነበረበት» አለች ሰዲቃ። «አንስተነዋል።»

ፈረሙ።

ሰዲቃ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አቦይ ዘርኣጽዮንም ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወጡ። ሰኞ ጠዋት ሰዲቃ ስልኬን ወስዳ አዲስ ሐራካ ጫነችልኝ፤ ለመሥራች ተብሎ በተለይ የተዘጋጀ ነው አለችኝ። ስገባ ስቴጁ ሙሉ ነው፤ ሰው ሁሉ ብድግ አለ፣ ኖር አለኝ፣ ቤተሰቤን ጠየቀኝ። ንግግር አደረግሁ፤ አንድም ሰው ጥሎኝ አልሄደም። ስልኬ እንኳ ለብ አላለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየገባሁ ለሕዝቤ ንግግር አደርጋለሁ። አንድ ቴክኖሎጂ ባህልንና ፍጥነትን አስታርቆ እንዲህ ሲሠራ ማየት ለደከመ ሰው ትልቅ ዋጋ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ፓርክላንድስ ውስጥ ኢንተርኔት ጠፋ። አንድ ቆፋሪ ገመድ ቆርጦ ነው አሉ። የሰፈሩ ቢሮ ሁሉ ሥራ ፈትቶ በረንዳ ላይ ቆመ፤ ሰዲቃና ዘካርያስም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እኔ ግን ሐራካ ውስጥ ነበርኩ። ሕዝቡ እንደ ወትሮው ይነሳልኛል፣ ይጠይቀኛል፣ ንግግሬን ያዳምጣል። ሥራችን የት እንደደረሰ የገባኝ ያኔ ነው። ስልኬን ይዤ ሮጥኩ።

«ሰዲቃ፣ ተመልከቺ እንጂ! ኢንተርኔት በሌለበት እንኳ አይቆምም። ይህንን ለድርጅቱ ልንነግራቸው ይገባል።»

ሰዲቃ አንገቷን ደፋች። ዘካርያስ ሳል ያዘው። ራሱን አልነቀነቀም።

«ሰዲቃ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

«ዘካርያስ ነው የሣላቸው፣ ጋሽ ካሣሁን» አለች። «ሰው የለም። እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ስልኬን አየሁት፤ ሁሉም እንደቆሙ ናቸው፣ ንግግሬን እስክጨርስ ይጠብቁኛል። ሊቀመጡ አልከጀሉም።

«እንግዲያው ዘካርያስ ጥቂት ይጨምርልኝ» አልኳት። «ከኋላ በኩል ክፍት ቦታ አይቻለሁ።»