የሳጃናው የበረራ አዋቂ

ሐበሻ ከአገሩ ወጥቶ በሰፈረበት ሁሉ፣ አውሮፕላን ሳይሳፈር የአውሮፕላንን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ከጦርነቱ በፊት ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ልብስ ሰፊ ጋሽ ጥዑመልሳን ነበሩ።

ኤርፖርቱ ከተማው መሀል ስለሆነ አውሮፕላኑ በሰፈሩ ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ባለፈ ቁጥር ክቡርነታቸው የስፌት መኪናቸውን አቁመው ያንጋጥጣሉ።

“ይቺ የአዲስ አበባዋ ናት! ሺህ ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ፣ ኸላስ፣ አለቀ!”

ለቅሶ ቤትም ይሉታል፣ ሠርግ ቤትም ይሉታል። ጂብሪል የሚባል ደንበኛቸው ሱሪ ሊለካ ቆሞ የጅዳን፣ የዱባይንና የቤሩትን በረራ ሰምቶ፣ ሱሪውን ሳይለካ እንደ ወጣ ይወራል።

ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው የወሎ ልጅ ሙኒያ እሳቸውን ከሩቅ ካየች መንገድ ትቀይር ነበር። አንድ ቀን ግን እናቷ ደሴ ሆስፒታል ተኝታ ኦፕራሲዮን ልትሆን መሆኑን ሰማች። እናት “ልጄን ሳላያት አልገባም” ብላለች። በድንበሩ በገላባት በኩል በአውቶቡስ ብትሄድ አትደርስም። አውሮፕላን ደግሞ ገና ስሙ ሲነሳ ያስፈራታል።

“እኔ እያለሁ አውሮፕላን ትፈሪያለሽ?” ብለው ወሬው የደረሳቸው ጋሼ ጉዳዩን ተረከቡ።

የትኬት ቤቱ ሰው በረራው ሦስት ሰዓት ነው ብሏታል። ሱዳኑ ሦስት ያለው የእኛን ዘጠኝ፣ ከሰዓት በኋላውን ነው። ዕድሜያቸውን ካርቱም ኖረው ከአገራቸው ሰዓት ሌላ የማይቆጥሩት ጋሼ ግን የጠዋቱ ነው ብለው ጎህ ሲቀድ ኤርፖርት አደረሷት።

“ያ ሓጅ፣ አባባ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ተመለሱ” አለ ጥበቃው እየሳቀ።

“መዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ ቀድሞ መምጣት ምን ጉዳት አለው?” አሉ ጋሼ ኮታቸውን እያስተካከሉ።

ሱቃቸው ተዘግቷል፣ የሙሽራ ልብስ ይጠብቃቸዋል። ጥለዋት ቢሄዱ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እሳቸው ግን ከውጭ ካለው ዛፍ ሥር አብረዋት ተቀመጡና ማውራት ጀመሩ። ጆሮ ሲደፈን ምን እንደሚደረግ፣ ተራራው ላይ ሲደረስ ለምን እንደሚነቀንቅ፣ ዓባይ ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል፤ ከየት እንዳመጡት አላህ ይወቀው። እስክትገባ ድረስ አላረፉም። ስትገባ ዞር ብላ አየቻቸው፣ አሁንም አፋቸው ይንቀሳቀሳል። እንደዚያን ቀን ሰው ወዳ አታውቅም።

በማግሥቱ ደሴ ገባች። እናቷ አልጋው ላይ ሆና እጇን ጨብጣ አልለቀቀቻትም።

“በአውሮፕላን መጣሽ? አንቺ ፈሪዋ? አልፈራሽም?”

“የምፈራበት ጊዜ መች ሰጡኝ፣ እማ!” ብላ የጋሼን ነገር አጫወተቻት።

እናት ሳቀች። ነርሷ ልትወስዳት ስትመጣ “ቆይ አንዴ” ብላ ሁለት መዳፏን ዘረጋች።

“ለዚያ ሰው አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት።”

“አሚን” አለች ሙኒያ ዕንባዋን እየጠረገች። “ወሬያቸው ግን አይርዘም፣ ያለው ይበቃል።”