ዳገቱን በእግሩ የወጣው ባለባጃጅ

ልጅ ሲዘገይ «እኔ ደህና ነኝ፣ እሷን መርምሯት» የሚል ባል አጋጥሟችሁ ያውቃል? አንተንስ ማን መረመረህ ቢሉት፣ አረቄው! የእኔም ልጅ እንዲሁ ነበር። እታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር ባጃጅ ይነዳል፤ ጎረቤት ለቅሶ ለመድረስ እንኳ ሞተር ያስነሳል። እኔም ብሆን ጥፋት አለብኝ፤ ከአገሬ ከገረሴ ወደ እነሱ ቤት በወረድኩ ቁጥር «ጎመን ብዪ፣ እረፊ» እያልኩ የምጨቀጭቀው ምራቴን ብቻ ነበር።

በኋላ ባልና ሚስቱ የሄዱበት ሐኪም ግን ልጅ ለማግኘት የሚደረገው ሕክምና ሳይጀመር ሁለቱም ይዘጋጁ አለ። ልጄን ደግሞ፣ አረቄና ሲጋራ ተው፣ በእግርህ ሂድ አለው።

በማግስቱ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት ተያያዝነው። እኔ አሮጊቷ ከፊት፣ እሱ እያለከለከ ከኋላ! የከተማው ባጃጅ ሁሉ ቆመልን።

«ምነው፣ ባጃጇን ሸጥካት እንዴ?»

«ግባ እንጂ! እማማን ምን አደከምካቸው?»

ልጄ ትንፋሹን ሰበሰበና ሴቻ እስኪሰማ ጮኸ፦ «ልጅ ለመውለድ ልንታከም ነው! ሚስቴ ብቻዋን አትዘጋጅም!»

አንዱ ሾፌር ሲጋራውን ቀስ አድርጎ ጣለ።

የልጅ ልጁን ነገር እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሕክምናው ገና ነው። ያን ቀን ግን ዳገቱ ላይ፣ ይህን ልጄን ሁለተኛ የወለድኩት መሰለኝ።