ክብርት ሲስተር ዘነበችና ነጩ ኖራ

በሐረር ሰፈሮች ሁሉ አንድ አንድ ተጠራጣሪ አይጠፋም። ለጋሽ ለገሠ የደረሰችው ጎረቤት ግን የሁሉም አለቃ ናት፦ ክብርት ሲስተር ዘነበች፣ የማደንዘዣ ባለሙያ።

"እስኪ ልየው" ሳትል የተቀበለችው ነገር የለም። ሸዋ በር ላይ ሚኒባስ ከመሳፈሯ በፊት ጎማውን ትረግጣለች። ከሶፊ ገጠር ወተት የምታመጣው ዘምዘም "ወላሂ ዛሬ ጠዋት የታለበ ነው" ብትላት፣ "እንግዲያው አንቺ ቅድሚ" ብላ ታስጎነጫታለች። የእድር ድንኳን ሲተከል እየዞረች ካስማውን ትነቀንቃለች። "ለቅሶ ደርሳ እንኳ ሟቹ በእርግጥ መሞቱን ትጠይቃለች" እያለ ጋሽ ለገሠ ሰፈሩን ያስቅባት ነበር። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ወሬ አያጣም።

ሰኞ ጠዋት የሐሞት ጠጠሩን ሊያስወጣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገፉት ግን ሳቁ የለም። ስንት ወር የጠበቀው ተራ ነው፤ ሕመሙ እንቅልፍ ነስቶታል። በዚያ ላይ የምታስተኛው ማን ሆና ተገኘች? እሷው።

በሩ እንደተከፈተ ሲስተር ቆም ብላ አዳመጠች። አንድ ነገር እስ ይላል።

"ኦክስጅኑን ማነው ከፍቶት የሄደው?"

ቅዳሜ የሠራው ተረኛ ሳይዘጋው ወጥቶ ኖሯል። ሁለት ቀን ሙሉ ደረቅ አየር በማደንዘዣ ማሽኑ ኖራ ውስጥ ሲያልፍ ከርሟል። ኖራው በሽተኛው የሚያስወጣውን የተቃጠለ አየር የሚያጣራ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ኤልሳዕ ቸኩሏል። "ኖራው ሲያልቅ ቀለሙ ይለወጥ የለ? ይኸው ነጭ ነው።"

"ነጭነቱን ነው ያላመንኩት" አለች። "ሲደርቅ ቀለሙ ላይለወጥ ይችላል። ማደንዘዣው በደረቀ ኖራ ሲያልፍ ይፈርስና የከሰል ጭስ ውስጥ ያለውን መርዝ ያወጣል።"

"ጣታቸው ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ይነግረናል።"

"እሱም ይታለላል። ሰውዬው እየታፈኑ ደህና ናቸው ይለናል።"

ጋሽ ለገሠ ጣቱን አየ። በዝግ ቤት ከሰል አንድደው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎች ትዝ አሉት፤ ፈራ። ተራው እንዳያልፈውም ፈራ።

ዶክተሩ ወደ እሱ ዞረ። "ጋሽ ለገሠ፣ ምን ይላሉ? እንጠብቅ?"

"እሷ እስክታምን እጠብቃለሁ።"

አዲስ ኖራ ከመጋዘን መጣ። ሲስተር እሽጉን አገላብጣ አየችው፣ ቀኑን አነበበች፣ ማሽኑን እንደገና ፈተሸች። ከዚያ አስተኛችው።

ሲነቃ ፊቷ ከላዩ ነበር።

"ስምዎ ማነው?"

"ለገሠ።"

"የአባትዎስ?"

ነገራት። ያለበትን ቦታ ጠየቀችው፤ መለሰ። አሁንም አልሄደችም፤ እጁን ይዛ ደረቱን ታያለች። እንባው መጣ።

"ሲስተር፣ እንኳንም አላመንሽ" አላት።

"ገና አላመንኩም" አለችው። "እስኪ በረጅሙ ይተንፍሱ።"

ጋሽ ለገሠ በረጅሙ ተነፈሰላት።