የሁለት ሰው እርዳታ

ሰው ዕድሜውን በሙሉ የሚችለውን ሲናገር ይኖርና፣ ሲያረጅ የማይችለውን መናገር ይጀምራል። ሥራ ስንፈልግ ሁላችንም እንምል አልነበር? ከባድ ዕቃ ማንሳት እችላለሁ፣ መንዳት እችላለሁ፣ እንግሊዝኛም እችላለሁ። የመጨረሻውን ማን እንዳመነን እንጃ። ነርሲንግ ሆም የሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መንግሥት የሚከፍለው አዛውንቱ በማይችሉት ልክ ነው። ብቻዎን ይጎርሳሉ? መጥፎ። ብቻዎን ይቆማሉ? የባሰ መጥፎ፤ በሉ ወደ ቤትዎ።

እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት ነርሲንግ ሆሞች በአንዱ አስታማሚ ነኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሥራዬን እፈልገዋለሁ። ከማስታምማቸው አንዱ ጋሽ ውብሸት ናቸው፤ ድሮ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ። ፋይላቸው «ለመቆም የሁለት ሰው እርዳታ ያስፈልጋቸዋል» ይላል፤ እውነት ነው። ልጃቸው ሰብለ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሊፍት በሌለው አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ከእኛ ዘንድ ቢወጡ ያን ደረጃ ማን ያወጣቸዋል? ቀኑንስ ከማን ጋር ይውላሉ?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት መርማሪዋ መጣች። ከስቴቱ የተላከች፣ ታብሌት የታቀፈች፣ ፈገግታዋን መኪና ውስጥ ረስታ የመጣች ሴት። ሥራዋ መንግሥት ላልተሰጠ እርዳታ እንዳይከፍል ማየት ነው። ተገቢ ነው፤ ሌባ ሞልቷል። ሥራ አስኪያጇ ነጭ ኮቷን ለብሳ ከኋላዋ፣ እኔ ከሥራ አስኪያጇ ኋላ ሆነን የጋሽ ውብሸት በር ተከፈተ።

ጋሽ ውብሸት ደግሞ እንግዳ ሲገባ ተቀምጠው አያውቁም። የወንበሩን እጀታ ጨብጠው፣ «ኖር!» ብለው፣ ብድግ! የቴራፒ ባለሙያው ለምኖ ለምኖ ያጣውን መቆም ለማያውቋት ሴት በነጻ ሰጧት። ደንቡ እንግዳው «በእግዜር» እንዲል ነበር። እሷ «ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ» ብላ ጻፈችና ወጣች። ጋሼ ሲዘነበሉ ደርሼ ስደግፋቸው እሷ ኮሪደር ላይ ነበረች።

ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤ መጣ። መንግሥት ለጋሽ ውብሸት መክፈሉን ሊያቆም ነው፤ እሳቸውም ሊወጡ ነው። ሰብለ ኮል አድርጋኝ አለቀሰች። መሥሪያ ቤታችን ይግባኝ አለ፤ መርማሪዋ ደግማ እንድታያቸው ተፈቀደ። እኔም ጋሼ ዘንድ ገብቼ፣ መርማሪዋ ስትመጣ ለአንድ ቀን እንኳ ቁጭ ይበሉ ብዬ ለመንኳቸው። አበዱ። ሴት ቆማ እኔ ልቀመጥ? አንተ አሳዳጊ የበደለህ!

አሳዳጊስ ቢኖረኝ ይበድለኝ ነበር። እኔ ያደግሁት የረሃብተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። እዚያም ተቆጣጣሪ ይመጣ ነበር፤ የእርዳታ ዱቄቱ ለእውነተኛ ረሃብተኛ መድረሱን ሊያይ። ከሲታዎቹ ከፊት ይሰለፋሉ። የእኔ ፊት ክብ ነው፤ ሆዴ ባዶ ሆኖም ክብ ነው። ተቆጣጣሪው አገጬን ይዞ አየኝና «ይሄኛው ደህና ነው» ብሎ ከሰልፉ አስወጣኝ። ደህና አልነበርኩም። ስለዚህ ጉዳይ ይኸው ይብቃ።

ብቻ ደህና መምሰል ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ጋሼን መለወጥ ካልተቻለ እንግዳዋን መለወጥ ነው። በቀጠሮው ቀን መርማሪዋን በር ላይ አስቆምኳትና በእኚህ ሰው አገር እንግዳ ሲገባ «በሞቴ አይነሱ» ይላል አልኳት። ትርጉሙን ጠየቀች። ከተነሱ እኔ ልሙት ማለት ነው አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ይህን ለመናገር ከአለቃዋ ፈቃድ ያስፈልጋት እንደሆነ አሰበች መሰለኝ። ከዚያ ታብሌቷ ላይ ጽፋ፣ እንደ ተማሪ አጠናችው።

ገባን፤ ሥራ አስኪያጇም ከኋላችን። ጋሼ እጀታውን ጨበጡ። መርማሪዋ ከፍርሃት የተነሳ እየጮኸች፣ «በሞቴ አይነሱ!» ጋሼ ከመቀመጫቸው ከፍ እንዳሉ ቀሩ። «ኧረ አንቺ አትሙቺብኝ!» ብለው ቁጭ አሉ። እስካሁን ማን እንዳሳደጋት እየጠየቁ ናቸው።

ክብራቸው ከተጠበቀ በኋላ፣ በምርመራው መሠረት ይቁሙ ተባሉ። እግራቸው እምቢ አለ። እኔ በግራ፣ ሥራ አስኪያጇ በዚያ በነጭ ኮቷ በቀኝ ሆነን አነሳናቸው። መርማሪዋ ሁለታችንንም በዓይኗ ቆጥራ «የሁለት ሰው እርዳታ» ብላ ጻፈች። አልጋው ተረፈ። ሰብለ በስልክ መረቀችኝ።

እንግዲህ መንግሥት ለሁለት ሰው እርዳታ መክፈሉን ቀጥሏል። አንደኛው ሰው እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ፣ ባለነጭ ኮቷ፣ መርማሪ ካልመጣ በቀር ያን ክፍል ረግጣው አታውቅም፤ ጋሼን የማነሳቸው ብቻዬን ነኝ። ይህን ለመርማሪዋ ሹክ ልላት ወገቤን ይዤ እስከ መኪናዋ ድረስ ተከትያት ነበር። ቀድማኝ ዞር አለችና ክብ ፊቴን አየችው፤ ፈገግታዋንም እዚያው መኪናዋ ውስጥ አገኘችው መሰለኝ። «ሠራተኛው ደህና ነው» ብላ ጽፋ ሄደች።